ከአባይ በረሃ የወጣ ክላክስ

ዛሬ ጫጫታ አልቻልኩም። የተለየ ነገር ተፈጥሮ አይደለም፤ ደብረ ማርቆስ ዛሬም እንደ ትናንቷ ናት። የባሕር ዳሩ አስፋልት ከተማዋን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ተሳቢው፣ አይሱዙው፣ ሚኒባሱና ባጃጁ እዚያው ላይ ይተፋፈጋል፤ ሁሉም ክላክሱን ይነፋል። ልጽፍ የተቀመጥኩት ስለ ዝናቡ ነበር። ይቅር።

ክላክስ በጅምላ እንዲጠላ አልፈልግም፤ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። ደጀንን አልፎ ወደ አባይ በረሃ ሲወረድ መንገዱ ገደሉን ታኮ ይጠማዘዛል። ከኩርባው ወዲያ ያለው አይታይም። ሙሉ ጭነት የያዘ ተሳቢ በትንሽ ማርሽ እየተያዘ ሲወርድ፣ ከርዝመቱ የተነሳ የሌላውን መስመር ሳይነካ መታጠፍ ይቸግረዋል። እዚያ ላይ ከኩርባው ቀደም ብሎ የተሰማ አንድ አጭር ክላክስ ነፍስ ያተርፋል፤ ሽቅብ የሚመጣው ሰምቶ ጥግ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነትም የፈቀደው ይህንኑ ያህል ነው፤ አደጋ ለማስቀረት፣ ከከተማ ውጭ ደግሞ የሚቀደመውን ለማስጠንቀቅ፣ ያውም ሳይራዘም።

ያው ክላክስ ከተማ ሲገባ ሥራው ይበዛል። ተሳፋሪ ይጠራል፣ ወዳጅ ሰላም ይላል፣ ቆሞ ሰው የሚያወርደውን ያጣድፋል፣ ሙሽራ ያጅባል። በዚህ መሐል ማስጠንቀቂያነቱ ይጠፋል። እግረኛው በቀን ስንት ጊዜ ዞሮ ይይ? መዞር ይተዋል፤ የእውነት የሚመጣበት ቀንም አይዞርም። በገበያ ቀን ደግሞ አህያው አለ። ከኋላው ድንገት ሲጮኽበት ድምፁ የመጣበትን አያውቅም፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ጥሎ በጎን ይፈናጠራል፣ ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፣ ባለቤቱ ገመዱን ሲስብ አህያም ሰውም አስፋልቱ መሐል ይገባሉ። ለማስጠንቀቅ የተነፋው ክላክስ አደጋውን ራሱ ይጠራዋል።

ነገሩ ውስጡ ሲታይ ቀላል ነው። ክብ ቆርቆሮ ውስጥ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ማግኔት፣ ከፊቱ ቀጭን የብረት ሽፋን፣ አጠገቡ አንድ ኮንታክት። ሲጫኑት ማግኔቱ ሽፋኑን ይስባል፤ ሽፋኑ ሲሳብ ኮንታክቱን ያላቅቃል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ይመለሳል፤ እንደገና ይገናኛል። ይህ በሰከንድ ከ350 እስከ 400 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ሽፋኑ ላይ የታሰረችው ሳህን ደግሞ ከ2,000 ኸርዝ (በሰከንድ 2,000 ንዝረት) በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ትጨምራለች፤ የሰው ጆሮ በጣም የሚነቃው እዚያ አካባቢ ነው።

ብዙ ሰው ክላክሱ ሲደክምበት የበለጠ የሚጮኽ ይገዛል። የጋራዡ ጌ. ሁልጊዜ እንደሚለው፣ የሚበዛው ጥፋት ያለው ሽቦው ላይ ነው። መጀመሪያ ከሻሲው፣ ከመኪናው የብረት አካል፣ ጋር የሚገናኘውን ጫፍ ፈትቶ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት መጥረግ። ከዚያ እየነፉ ክላክሱ ጫፍ ላይ ቮልቱን መለካት፤ በ12 ቮልት መኪና ላይ ከ11 በታች ከወረደ ክላክሱ ደህና ነው፣ ኤሌክትሪኩ ነው የማይደርሰው። ከጀርባው ያለችው ማስተካከያ ብሎን በካቻቪቴ በሩብ ዙር ብቻ ትነካ፤ ካለመጠን ከጠበቀች ኮንታክቱ መላቀቅ ያቅተውና ሽቦው ይቃጠላል። ቀንድ ያለው ዓይነት ከሆነ አፉ ወደ ታች ይዙር፤ የጎጃም ክረምት ውኃ ሞልቶ ይዘጋዋል።

የአየር ክላክስ የሚያስገጥሙት ግን ሌላ መዘዝ አለባቸው። የአየር ፍሬን ያለው ከባድ መኪና ታንኩ ውስጥ 8 ባር ገደማ የታመቀ አየር ስላለው ቧንቧ መቀጠል ብቻ ይበቃዋል። ትንሹ መኪና የራሱ ኮምፕሬሰር ይገጠምለታል፤ ተራው ክላክስ 5 አምፔር ገደማ በሚበቃው መስመር ላይ ይህኛው እስከ 20 ይስባል። በድሮው ቀጭን ሽቦ፣ ያለ ሪሌ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ) በቀጥታ ከተቀጠለ መጫኛው ላይ ያለው ኮንታክት ግሎ ይጣበቃል። ያን ጊዜ ነው ሌሊት ሰፈር ሙሉ የሚቀሰቀሰው። መሪ መደብደብ ከንቱ ነው፤ ፊውዙን መንቀል፣ ካልተገኘ ሽቦውን ከክላክሱ ላይ ማላቀቅ። ሲጠገን ሪሌ ይግባለት፤ 30 ቁጥር ጫፉ በፊውዝ በኩል ከባትሪ፣ 87 ወደ ክላክሱ ይሄዳል፤ 85 እና 86 የመጫኛው ናቸው። ከሁሉ የሚሻለው ግን የአየሩን ጨርሶ ማውረድ ነው።

የሚያንገበግበኝ የሊስትሮዎቹ ጆሮ ነው። ተራ የመኪና ክላክስ ሁለት ሜትር ላይ 110 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ይቀንሳል፤ አራት ሜትር ላይ 104። ያውም በሜዳ፤ ግራ ቀኝ ፎቅና መስታወት ሲኖር ድምፁ እየነጠረ ይመለሳል። በሥራ ጤንነት ልኬት 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀነሳል። በ104 ላይ የሚቀረው 6 ደቂቃ ግድም ነው። አንዱ ክላክስ አንድ ሰከንድ ቢቆይ 360 ጊዜ መሆኑ ነው፤ አስፋልት ዳር ሣጥኑን አስቀምጦ ለሚውል ልጅ ይህ ከምሳ በፊት ሊሞላ ይችላል። አንድ ጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት 15,000 ገደማ ናቸው፤ ከሞቱ አይተኩም። መጀመሪያ የሚሄደው 4,000 ኸርዝ አካባቢ ያለው ነው፤ ሰ፣ ፈ፣ ሸ የሚለዩበት። ዕድሜያቸውን ተሳቢ ሲነዱ የኖሩት አያ ም. «ድምፁ ይሰማኛል፣ ቃሉ ነው የማይለይልኝ» ይላሉ። ለራሱ ያልሰማ ደግሞ አጥብቆ ይነፋል።

ይህን ጩኸት ለዓለም ያደረሰው ሚለር ሪስ ሃቺሰን የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ። ያው ሰው ቀደም ብሎ መስማት ለተሳናቸው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማዳመጫ ሠርቷል። የመስማትን ዋጋ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ሕጉ አለ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይጨምራል፤ ለመኖሪያ ሰፈር የተቀመጠው ወሰን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሙምባይ ላይ ፖሊስ በ2012 ዓ.ም. መስቀለኛ መንገድ ላይ መለኪያ ሰቅሎ ጩኸቱ ከ85 ሲያልፍ ቀዩ መብራት እንዲራዘም አድርጎ ነበር። ባጃጁን ግን መብራት አያስቆመውም። እየሄደ ነው የሚነፋው፤ ተሳፋሪ ፍለጋ ነው፤ የዕለት ገቢውን ማስገባት አለበት። ዝም ያለ ባጃጅ ባዶውን ይውላል ይላሉ ሹፌሮቹ። የሚሄድ ሰው ግን ድሮም ጠርዝ ላይ ቆሞ እጁን ያነሳል፤ የማይሄደውም ቢነፋበት አይሄድም። መሄድ ሳያስብ ክላክስ ሰምቶ የተሳፈረ ሰው ኖሮ ያውቃል?