ዋና አባቱ ማን ይሆን?

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ሲለው ነው የዋለ። የነሐሴ ጉም ከጠዋት ጀምሮ ፍኖተ ሰላምን ሸፍኖ አልነሣ አለ፤ መብራቱም እንደ ልማዱ ሄዷል። ሻማ ለኩሼ ስለ ፍልሰታ ልጽፍ ስቀመጥ አፍንጫዬ ጀመረ።

ነስሬን መቼም ታውቁታላችሁ። ልጅ ሳለሁ ምች ነው እየተባለ ስንት ዳማከሴ ታሸልኝ፣ ስንት ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ አናቴ ላይ ፈሰሰ። "ቀና በይ!" ይሉኝ ነበር። አሁን ጎንበስ ብዬ ለስላሳውን የአፍንጫዬን ክፍል ጨምቄ መጠበቅ ነው። ቀና ሲሉ ደሙ ወደ ጉሮሮ እንደሚወርድ ያስተማረኝ ያ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ነው፤ እሱም ከሐኪሞቹ ሰምቶ።

እዚያ ነስሩን ለሚያመጣብን የዘር በሽታ ብቻ የተቋቋመ ማእከል አለ። የአፍንጫው፣ የሳንባው፣ የዘር ምርመራው ሐኪም ሁሉ አንድ ላይ ተቀምጠው አንድ ሰው ያያሉ። በሽታውን ኤች ኤች ቲ ይሉታል። ደም ቅዳና ደም መልስ በመካከላቸው ቀጫጭን ሥሮች መኖር ሲገባቸው አንዳንድ ቦታ ዝም ብለው ይገናኛሉ፤ ግፊቱን የማይችለው ስስ ሥር ይፈነዳል። አፍንጫ ላይ ሲሆን ነስር ነው። ሳንባ፣ ጉበት፣ አንጎል ላይ ሲሆን ሌላ ነገር ነው። ወንድሜን በክንዱ ሥር አረፋ ያለበት የጨው ውሃ ሰጥተው ልቡን በአልትራሳውንድ አዩት። ጤነኛ ሳንባ አረፋውን አጣርቶ ያስቀረዋል፤ የሱ ግን ወደ ግራው ልቡ አለፈ። ከዚያ በታፋው በኩል ቱቦ አስገብተው የተበላሸውን የሳንባውን ሥር በትንንሽ የብረት ጥቅልል ደፈኑለት። ጥርሱን ከመነቀሉ በፊት ፀረ ተሕዋስያን እንዲወስድም ነገሩት፤ ያልተጣራው ደም ጀርሙን ይዞ አንጎል ውስጥ መግል ሊቋጥር ይችላል። እኛ ቤት መንጋጋ በጉጠት የተነቀለውን ሰው ሳስብ ላብ አጠመቀኝ።

"እታለም፣ ምላስሽንና ጣቶችሽን እስቲ እይልኝ" ብሎ ደወለ። በስልኬ መብራት መስታወት ፊት ቆምሁ። ታችኛው ከንፈሬ ላይ፣ የምላሴ ጫፍ ላይ፣ የቀኝ እጄ ጣቶች ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ ነካ ነካ የተደረጉ የሚመስሉ ነጥቦች። የሻይ ብርጭቆ ቂጥ ሲጫናቸው ይጠፋሉ፤ ሲነሣ ተመልሰው ቁጭ። እኔ የማርያም ስሞሽ ነበር የምላቸው። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በኩራሳዎ ደሴት ስም የሚጠራ መስፈርት አለ፦ ያለ ምክንያት የሚደጋገም ነስር፣ እነዚህ ነጥቦች፣ የውስጥ አካል ላይ የተበላሸ የደም ሥር፣ በሽታው ያለበት ወላጅ ወይም ወንድም ወይም እህት ወይም ልጅ። ሦስቱ ከተገኙ በሽታው አለ ማለት ነው። ሦስቱን እዚያው መስታወት ፊት ሞላሁ። ሎተሪ እንዲህ ቢወጣልኝ!

ይሄ ነገር የሚሄደው ልክ እንደ ጎጃም ርስት ነው። በእናትም ይመዘዛል፣ በአባትም፤ ሴት ወንድ አይልም። ልዩነቱ እያንዳንዱ ልጅ ሲወለድ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ መሆኑ ነው፤ ያልደረሰው ደግሞ ለልጆቹ አያወርስም። ርስቱን በ1967 በአዋጅ ሻሩት፤ ይሄኛውን የሚሽር ደርግ አልመጣም። ታዲያ ዋና አባቱ፣ የመጀመሪያው ባለ ርስት፣ ማን ነው? የቤታችንን ትውልድ ቆጣሪ እማሆይን ጠየቅኋቸው። ትውልድ ሲቆጥሩ ውዳሴ ማርያም የሚደግሙ ነው የሚመስሉት። "አያቴ ይነስራቸው ነበር፤ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር አድዋ የዘመቱት" አሉኝ። ረንዱ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ነስሩንና ቀይ ነጥቦቹን አገናኝቶ የጻፈው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዚያው በአድዋ ዓመት። እሱ ፓሪስ ላይ ሲጽፍ የኛ ሰውዬ በነጠላው ጫፍ አፍንጫውን ይዞ ተራራ ይወጣል።

ከዚያ እማሆይ ስለ ታናሽ እህታቸው አነሡ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ደም አስታወካት፤ ሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለና ዕቃዋ ተለየ። በሦስተኛው ቀን ቀበሯት። ነቀርሳ ይሁን አይሁን ዛሬ ማን ያውቃል። ግን በዚህ በሽታ ሳንባ ላይ ያለ ሥር በእርግዝና ጊዜ እያበጠ ሊፈነዳ እንደሚችል ካነበብሁ ወዲህ ሴትዮዋ ከዓይኔ አልጠፋ አሉ።

ከ5000 ሰው አንዱ ይይዘዋል ይባላል። ስሌቱ ለኛም አገር ከሠራ ከሃያ ሺህ በላይ ነን። የት አለን? "ደም ማነስ" ተብለን የብረት ክኒን እየዋጥን። እዚያ ማዶ ለአጥንት መቅኒ ካንሰር የሚሰጠው ፖማሊዶሚድ ነስሩን እንደሚቀንስ በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል፤ ውጤቱ ቶሎ ስለታየ ጥናቱን ሳይጨርሱት ነው ያቆሙት። ግን ፅንስ ያበላሻል፤ በዚሁ ስሙ የጠፋው መድኃኒት የታሊዶሚድ ዘመድ ነው። እኛ ቤት የተቸገርነው ደግሞ በፅንሱ ነው።

ትልቋን ልጄን ሊጠይቁ ሽማግሌ ለጥቅምት ቀጠሮ ይዟል። እማሆይ ሰባት ቤት ቆጥረው ጨርሰዋል፤ "ንጹሕ ነው" ብለዋል። ሰባት ቤት መቁጠር ከሁለቱም ወገን ካልመጣ የማይወጣውን በሽታ ያርቃል፤ ለዚህኛው አንድ ወገን ይበቃዋል። ልጅቷም ይነስራታል። አሁን ብናገር "የነዚያ የደመኞቹ ልጅ" ተብላ ትቀራለች፤ በሽታ ያለበት ቤት መባልን እዚህ አገር ታውቁታላችሁ። ዝም ብል ሳንባዋ ሳይታይ ታረግዛለች። ሲቲ ስካኑማ ባሕር ዳር አለ። ግን "ምኗን ያማታል?" ሲሉኝ ምን ልል ነው? ምንም አያማት።

ሙሽራው ሳይሰማ ላስመርምራት፣ ወይስ እሷም ሳትሰማ? እሷ ሳትሰማ እንዴት ተደርጎ ነው የምትመረመረው፣ እኔ ደንቆሮ!