ወለል ያልነኩ እግሮች
ዛሬ የእህቴን ልጅ አንደኛ ክፍል ለማስመዝገብ ተራ ይዘን ሳለን፣ ከፊታችን የነበሩ አባት የልጃቸው ዕድሜ በሁለት ወር እንደሚያንስ ተነግሯቸው «ፊደል እኮ ለይቶ ጨርሷል!» እያሉ ይከራከሩ ነበር። ልጁ ግን ክርክሩን ከነጭራሹ አልሰማም፤ ወለሉን ያልነኩ እግሮቹን እያወዛወዘ፣ እርሳሱን በሙሉ መዳፉ ጨብጦ ክብ ለመሥራት ይታገላል፤ ጫፍና ጫፉ ሊገጥም ሲል እጁ ያመልጠውና መስመሩ ከወረቀቱ አልፎ ጠረጴዛው ላይ ይቀጥላል።

ፊደል መለየትና ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ መጻፍ የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውን ከዚያች ትንሽ እጅ በላይ ያስረዳኝ የለም። በእንግሊዝ የግዴታ ትምህርት የሚጀመረው ልጆች 5 ዓመት ከሞላቸው በኋላ ሲሆን፣ በፊንላንድ ግን አንደኛ ክፍል የሚገቡት 7 ዓመት በሚሞላቸው ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ፊንላንድን እየጠቀሱ «ልጅ እቤት ይቆይ» የሚሉ ሰዎች (እኔም አንዱ ነበርኩ) እዚያ ያሉ ልጆች ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለውን 1 ዓመት ጨዋታ በሚበዛበት የቅድመ መደበኛ ትምህርት እንደሚያሳልፉ ይዘነጋሉ። ስለዚህ ስለ ዕድሜው ከመከራከራችን በፊት ክፍሉ ውስጥ ልጁን ምን እንደሚጠብቀው ብንጠይቅ ይሻላል እላለሁ።

አባትየው ቅር ብሏቸው ሲነሡ፣ ልጁ ወረቀቱን ይዞ መሄድ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። መዝጋቢዋ እርሳሱንም ጨመረችለት።