መጀመሪያ ሰዓቱን ጠይቁት

ነርሷ ካርድ እየሞላች፣ ቀና እንኳ ሳትል «ታጨሳለህ?» ትላለች። «አልፎ አልፎ ነው ሲስተር» ይላል። ጣቶቹ ቢጫ ሆነዋል። እሷም «አልፎ አልፎ» ብላ ጽፋ ታልፋለች፣ ካልሆነም «ተው፣ ትሞታለህ!» ብላ ትቆጣዋለች። የተቆጡት ሰው ደግሞ ማጨሱን ሳይሆን መናገሩን ነው የሚያቆመው።

ታካሚን ሲጋራ እንዲያቆም ለማገዝ ከቲቢ ክፍል የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ታካሚው በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት በአብዛኛው በየቀኑ እየመጣ ፊታችን መድኃኒቱን ይውጣል። ሲጋራ ደግሞ የቲቢ ሕክምናን ውጤት ያበላሻል፣ ከዳነም በኋላ የማገርሸት ዕድሉን ይጨምራል።

እኔ የምጀምረው «ጠዋት ከተነሣህ ስንት ደቂቃ ቆይተህ ነው የመጀመሪያዋን የምትለኩሰው?» ብዬ ነው። ይሄ ብዙ አያሳፍርም። «ኧረ ሲስተር፣ ፊቴን ሳልታጠብ ነው» ካለኝ ነገሩ ገባኝ ማለት ነው። ከእንቅልፉ በተነሣ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ሱሱ ጠንከር ያለ ስለሆነ፣ ምክር ብቻውን ላይበቃው ይችላል፤ የሲጋራ አምሮትን ስለሚያስታግስ የኒኮቲን ማስቲካ ወይም ፕላስተር እንዲነጋገሩ ሐኪሙ ጋር እልከዋለሁ።

ቀጥሎ «ከምን ጋር ታጨሳለህ?» እለዋለሁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ጫት ነው። በርጫ ላይ ተቀምጦ አላጨስም ብሎ መማል ከንቱ ነው፣ ምርቃናው ራሱ ሲጋራ ይጠራል። ስለዚህ የሚያቆምበትን ቀን ስንቆርጥ (ቅዳሜ ከሰዓት እንዳይሆን ብቻ!) የጫቱንም ነገር እናነሳለን። ከጓደኞቹ ጋር ካፌ ውስጥ እንዲቀጣጠር እመክረዋለሁ፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 እዚያ ማጨስን ስለከለከለ ሰበብ አያጣም።

የሚመጣውንም አስቀድሜ እነግረዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዳሉ። ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይርበዋል። አምሮቱ ግን ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይሄዳል፣ ውሃ ጠጥቶ ወይ ሰፈሩን ዞር ዞር ብሎ ያሳልፈው። ብዙዎችን የሚያስደነግጠው ሳሉ ነው። አንዳንዱ ካቆመ በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሳሉ ይብስበታል፣ ሳንባው ራሱን ማጽዳት ስለሚጀምር። ይህን ያልሰማ ሰው «ሳቆም ነው የባሰብኝ» ብሎ ተመልሶ ይገዛል። (ደም ካየ ግን ወዲያው ይምጣ፣ የቲቢ ታካሚ ነውና።)

ቢመለስበትስ? በማግስቱ መድኃኒቱን ሊወስድ መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ፊታችንን ካጠቆርንበት ሲጋራውን ይዞ የቲቢውን ሕክምና ትቶ ይጠፋል። «ትናንት የት ነበርክ? ከማን ጋር?» ብቻ ነው የምለው። ከዚያ ሌላ ቀን እንቆርጣለን።