ሦስተኛው ቀን አይታለፍም፦ ከዜሮ ተነስቼ 30 ደቂቃ ዱብ ዱብ የደረስኩበት መንገድ

አዲስ አበባ ውስጥ ስፖርት ጀምሮ የሚተው ሰው ብዙ ጊዜ የሚተወው ሰንፎ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ራሱን ጨርሶ ነው። ሰኞ ጠዋት መስቀል አደባባይ ወርዶ ደረጃዎቹን እንደ አትሌት ይወጣል፣ ይወርዳል። ረቡዕ ጭኑና ባቱ ተሳስሮ ታክሲ መውጣት ያቅተዋል። ዓርብ ላይ ነገሩ ያበቃል። እኔ የሠራሁበት የ12 ሳምንት መንገድ መጀመሪያው ላይ “ይሄም ስፖርት ሆኖ?” የሚያስብል ነው፤ ሆን ተብሎ።

ዋናው ሕግ አንድ ነው። ሁለት ቀን በተከታታይ ማረፍ ይቻላል፣ ሦስተኛው ግን አይታለፍም። ምክንያቱ የደም ስኳር ነው፦ ጡንቻ ሲሠራ ኢንሱሊንን፣ ማለትም ስኳርን ከደም ወደ ሴል የሚያስገባውን ሆርሞን፣ ሳይጠብቅ ከደም ውስጥ ስኳር ይስባል። ሥራው ካበቃ በኋላም ሰውነት ኢንሱሊንን በደንብ የሚጠቀምበት ጊዜ 24 ሰዓት፣ ሲበዛ 48 ሰዓት ገደማ ይዘልቃል፤ ከዚያ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቅዳሜ ኳስ ተጫውቶ እስከ ቀጣዩ ቅዳሜ የሚቀመጥ ሰው ጨርሶ ከማይንቀሳቀሰው በእጅጉ ይሻላል፤ በስኳር በኩል ያገኘው ጥቅም ግን ሰኞ ማታ አልቋል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድበት ስለሚችል ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይያዝ፣ ከመጀመሩ በፊትም ሐኪሙን ያማክር።

ቀኖቹ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና እሁድ ናቸው። ረቡዕ ካመለጠ ሐሙስ ይተካል፤ ያኔ ሕጉ አልተጣሰም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሩጫ የለም፣ 30 ደቂቃ ፈጣን እርምጃ ብቻ። በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት 5 ደቂቃ በእርምጃ ማሟሟቅ፣ ከዚያ 1 ደቂቃ ዱብ ዱብ በ2 ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቁ ስምንት ዙር፣ መጨረሻ ላይ እንደገና 5 ደቂቃ እርምጃ። በ5ኛውና በ6ኛው 2 ደቂቃ ዱብ ዱብ በ2 ደቂቃ እርምጃ ስድስት ዙር፤ በ7ኛውና በ8ኛው 4 በ1 አምስት ዙር፤ በ9ኛውና በ10ኛው 8 በ1 ሦስት ዙር። 11ኛው ሳምንት ላይ ሳያቋርጡ 25 ደቂቃ፣ 12ኛው ላይ 30። ማሟሟቂያውና ማቀዝቀዣው እስከ መጨረሻው አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። ከዚህ መርሐ ግብር የምትጎድለውን ጥቂት ደቂቃ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይሞላታል።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ፍጥነቱ ላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ስለሆነች በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ሰውነታችን ለምዶታል፤ ግን ከኢንተርኔት የወረደ የሌላ አገር የፍጥነት ሠንጠረዥ እዚህ አይሠራም። መለኪያው አፍ ነው። እየሮጡ ከጎን ካለ ሰው ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከተቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ ቃል በቃል እየተቆራረጠ የሚወጣ ከሆነ ወደ እርምጃ መመለስ። እንጦጦ ላይ ከፍታው 3,000 ሜትርን ስለሚያልፍ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ሳምንታት እዚያ መሮጥ አልመክርም፤ በእግር መሄድ ይበቃል። ደግሞ የሚያሳምመው ዳገቱ እንዳይመስላችሁ። ቁልቁለት ላይ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደት ስለሚሸከም ውስጡ ይጎዳል፣ ሕመሙም በነጋታውና በሦስተኛው ቀን ይብሳል።

ለውጡ የሚታየው ሚዛን ላይ ሳይሆን የልብ ምት ላይ ነው። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ ሁለት ጣት አንጓው ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አሳርፎ 60 ሰከንድ መቁጠር። በአውራ ጣት መዳሰስ አይገባም፤ የራሱ ትርታ ያሳስታል። የእኔ ቁጥር ከ76 ተነስቶ በ12ኛው ሳምንት 67 ሆነ። ልብ ስትጠነክር በአንድ ምት የምትረጨው ደም ስለሚበዛ ደጋግማ መምታት አያስፈልጋትም። ቁጥሩ አንድ ቀን ጠዋት ከወትሮው በ8 ወይም በ10 ከፍ ካለ እንቅልፍ ጎድሎ ወይም ጉንፋን እየመጣ ሊሆን ይችላል፤ የዚያን ቀን እርምጃ ብቻ። ደም ግፊት ያለበት ሰው አዘውትሮ ሲሠራ የላይኛው ቁጥር በአማካይ ከ5 እስከ 8 ነጥብ ይወርዳል፤ ይህ መድኃኒት ለማቆም ምክንያት አይሆንም።

ክብደትን በተመለከተ ሒሳቡ ጨካኝ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ሩጫ ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት አንድ ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 4 ኪሎ ሜትር ሮጦ 280 ካሎሪ አቃጠለ ማለት ነው፤ ከሩጫ መልስ ሁለት ጠርሙስ ለስላሳ ቢጠጣ አብዛኛውን መልሶ አስገባው።

ጉዳትን በሚመለከት ቶሎ የሚመጣው የቅልጥም ሕመም ነው። የሚመጣውም ደቂቃ በፍጥነት ሲጨመር፣ አስፋልት ሲበዛና ጫማ ሲያልቅ ነው። ሳልባጅ ጫማ ሲገዛ ላዩን ማየት ዋጋ የለውም፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ማየት ነው። ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ከሆነ፣ ወይም የሶሉ ስፖንጅ በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ እንጨት ከደረቀ ይቅር። ኮብልስቶን ቁርጭምጭሚት ያጣምማል፤ እንደ ጃን ሜዳ ያለ የአፈር ሜዳ ከሁሉም ይሻላል። ቅልጥሙ በአንድ ነጥብ ላይ ሲነኩት የሚያም ከሆነና ቆመውም የሚሰማ ከሆነ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ደረት የሚጨብጥ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም ከመጣ ደግሞ “እስኪ ይለፍልኝ” የለም፤ ቀጥታ ሆስፒታል።

በሳምንት ሁለት ቀን 15 ደቂቃ ለጡንቻ፦ ከወንበር እየተነሱ መቀመጥ 10 ጊዜ በሦስት ዙር፣ ፑሽ አፕ መጀመሪያ በግድግዳ ከዚያ በጠረጴዛ፣ ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዝን ማንሳትና ቀስ ብሎ ማውረድ 15 ጊዜ በሦስት ዙር። ባትን የሚያጠነክረው የመጨረሻው ነው፤ ሰዎች የሚዘሉትም እሱኑ።

ጾም ላይ ሰዓቱ ይቀየራል እንጂ ስፖርቱ አይቆምም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚበላ ሰው 12 ሰዓት አካባቢ ቢሠራ ይመቸዋል፤ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ለጡንቻ የሚሆነውን ፕሮቲን ይሰጣሉ። ረመዳን ላይ ከማፍጠሪያ በፊት ቀላል እርምጃ፣ ዱብ ዱቡ ደግሞ ካፈጠሩ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ። ሁለት ሳምንት ያቋረጠ ሰው መርሐ ግብሩ ላይ ሁለት ሳምንት ወደ ኋላ ይመለስ፤ ትንፋሽ የሚወርደው ከሚመጣበት ይልቅ በፍጥነት ነው።

ክረምት ላይ የዝናብ ቀን የሚተካው በገመድ ዝላይ ወይም ፎቅ በመውጣትና በመውረድ ነው፤ 20 ደቂቃ ይበቃል። የረጠበ ጫማ ግን ከሰል ዳር አይቀመጥም፣ ሙቀቱ ማስቲሹን ያላቅቃል፣ ስፖንጁንም ያደርቃል። የውስጥ ሶሉን አውጥቶ ውስጡን በጋዜጣ መጠቅጠቅ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጋዜጣውን መቀየር ነው፤ ሰኞ የረጠበ እስከ ረቡዕ ይደርቃል።