የከሱት ዛፎች

በአንድ ደመና የማይለየው የተራራ ደን ውስጥ 1 ሄክታር ስፋት ያለው ቋሚ ፕሎት፣ ማለትም ዛፎቹ በየጊዜው የሚቆጠሩበት የተከለለ ቦታ፣ አለ። መጀመሪያ አንድ የምርምር ቡድን ቆጠረው፤ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በትብብር የገባ ሌላ ቡድን ቆጠራውን ደገመው። የጋራ ሰነዳቸው አጭር ነበር። ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ዛፍ ሁሉ ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ በዲያሜትር ቴፕ (በግንዱ ዙሪያ ተጠምጥሞ ዲያሜትሩን በቀጥታ በሚያስነብብ ቴፕ) ይለካ ይላል። ሁለቱ ሰንጠረዦች በዛፍ ቁጥር ሲጋጠሙ ግን ብዙ ዛፎች ከስተው ተገኙ። አንዳንዱ በ2፣ አንዳንዱ በ3 ሴንቲ ሜትር ቀንሷል።

ዛፍ ጨርሶ አይከሳም ማለት አይደለም። ቅርፊት ይረግፋል፤ ዝናብ ሲጠፋ ግንድ ውኃ አጥቶ ይኮማተራል። ይህ ግን በሚሊ ሜትር የሚለካ ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው መጀመሪያ የወደቀው በመለያ ቁጥሮቹ ላይ ነበር፤ ተቀያይረው ይሆናል ተባለ። ቀጥሎ አንዱ ለካኝ በዲያሜትር ቴፕ ፈንታ ተራ ሜትር ተጠቅሞ ዙሪያውን ጽፎ ይሆናል ተባለ። ሁለቱም አላስኬዱም። ዙሪያ ቢጻፍ ኖሮ ቁጥሩ ከ3 እጥፍ በላይ ይሆን ነበር። ቁጥሮች ቢቀያየሩ ደግሞ የከሳውን ያህል በድንገት የወፈረ ዛፍ መገኘት ነበረበት። እዚህ ስህተቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ነው። ነገሩን የፈታው ዛፎቹን በውፍረት ደርድሮ ማየት ነበር፤ ቀጭኑም ወፍራሙም የቀነሰው በሴንቲ ሜትር ሲቆጠር ተቀራራቢ ነው። ግንዱን ዙሪያውን ያለበሰ አንድ ነገር በመጀመሪያው ቆጠራ ላይ ተለክቷል፣ በሁለተኛው አልተለካም ማለት ነው።

ያ ነገር ሞስ ነበር፤ እርጥብ ግንድ ላይ የሚበቅል ለስላሳ አረንጓዴ ተክል። በደመና ደን ውስጥ ግንድ ራቁቱን አይቆምም። ሞስ፣ ትንንሽ ፈርን፣ ኦርኪድ፣ የሐረግ ሥርና የበሰበሰ ቅጠል ተደራርበው እርጥብ ምንጣፍ ይሆኑበታል። የመጀመሪያው ቡድን ቴፑን ከምንጣፉ በላይ ጠምጥሞ ነበር፤ ምክንያትም ነበረው። በዚያው ፕሎት ግንድ ላይ የሚበቅሉትን ዕፅዋት የሚያጠኑ የሥራ ባልደረቦች ምንጣፉ እንዳይነካ ጠይቀዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጉዳቱ በቃል ብቻ መቅረቱና በቅጹ ላይ አለመስፈሩ ነው። ሁለተኛው ቡድን ይህን ሳያውቅ ቴፑን ከሞሱ ሥር አስገብቶ ለካ።

ስሌቱ ቀላል ቢመስልም የሚያስከትለው ትልቅ ነው። ውፍረቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሞስ በሁለቱም ወገን ስለሚቆጠር ዲያሜትሩን 3 ሴንቲ ሜትር ይጨምራል። 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግንድ 23 ተብሎ ሲጻፍ ግንዱ አግድም ቢቆረጥ የሚታየው የክቡ ስፋት 32 በመቶ ይጋነናል፤ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነው 63 ቢባል ግን ጭማሪው 10 በመቶ ነው። ከዲያሜትር ተነስቶ የሚሰላው የካርቦን መጠንም አብሮ ይዛባል። በእነዚህ ደኖች ብዙ ዛፎች በዓመት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚወፍሩ፣ የ3 ሴንቲ ሜትር ስህተት ከ10 ዓመት በላይ የሆነ እድገትን ይውጣል። የተደጋገመ ቆጠራ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ለማየት በፔሩ የአንዲስ ተራሮች የተሠራውን ሥራ ማስታወስ ይበቃል። በ14 ባለ 1 ሄክታር ፕሎቶች ላይ የተደገመ ቆጠራ፣ የዛፍ ወገኖች በአማካይ በዓመት ከ2.5 እስከ 3.5 ሜትር ሽቅብ እየተጓዙ መሆናቸውን በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አሳይቷል። እንዲህ ያለ ረቂቅ ለውጥ የሚታየው ሁለቱ ቆጠራዎች አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው።

ሁለቱ ቡድኖች ተያይዘው ወደ ቦታው ሲመለሱ ሌላም ልዩነት ወጣ። አንዱ 1.30 ሜትሩን የሚለካው ከዛፉ ሽቅብ በኩል፣ ሌላው ከቁልቁል በኩል ነበር። ሁለቱም በተለያዩ የመስክ መመሪያዎች የሚሠራባቸው ናቸው። በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ የቆመ 60 ሴንቲ ሜትር ግንድ ላይ ግን የመለኪያው ነጥብ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራራቃል። መፍትሔው ከመሬት መነሳትን መተው ነው፤ ተዳፋት ላይ አፈሩም ቅጠሉም ይንሸራተታል። የመለያ ቁጥሩ የአሉሚኒየም ሚስማር ከመለኪያው ነጥብ ልክ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይመታል፣ ቀጣዩ ለካኝ ከሚስማሩ ወደ ታች ይቆጥራል። ሚስማሩ እስከ አንገቱ ከገባ ግንዱ ሲወፍር ቁጥሩን ይውጠዋል፤ ስለዚህ ግማሹ ውጭ ይቅር። ቀለም እርጥብ ሞስ ላይ አይይዝም። ቁጥሩን ሞስ ሲሸፍነው በእጅ እየዳሰሱ መፈለግ ስለሚያስፈልግ፣ በእያንዳንዱ 20 በ20 ሜትር ንዑስ ፕሎት ውስጥ የዛፎቹ አቀማመጥ በካርታ መኖር አለበት።

አሁን የሚሠራበት አካሄድ ይህ ነው። ሞሱ አይፋቅም። በሞንቴቨርዴ፣ ኮስታ ሪካ፣ በደን ተመራማሪዋ ናሊኒ ናድካርኒ የተደረገው ክትትል የተገፈፈ ቅርንጫፍ ምንጣፉን መልሶ ለመልበስ ብዙ ዓመታት እንደሚወስድበት አሳይቷል። እሷው ራሷ በ1981 እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው፣ አንዳንድ ዛፎች ከቅርንጫፋቸው ሥር አውጥተው ከዚህ ምንጣፍ ይመገባሉ። ስለዚህ ምንጣፉ በጣት ቀስ ተብሎ ይነሳና ቴፑ ከሥሩ ይሾልካል። ሐረግም አይቆረጥም፤ ቴፑ በሥሩ ያልፋል። ቴፑን ከማንበብ በፊት ወዲህና ወዲያ ጥቂት መሳብ ያስፈልጋል፤ በቴፑና በቅርፊቱ መካከል 1 ሚሊ ሜትር ቆሻሻ ዙሪያውን ቢቀር 2 ሚሊ ሜትር ይጨምራል፣ ይህም የአንድ ዓመት እድገት ነው። ምንጣፉ ጨርሶ የማይነካበት ዛፍ ላይ ከሞሱ በላይ ይለካና፣ በሚሊ ሜትር የተከፋፈለ ቀጭን የብረት መርፌ በግንዱ ዙሪያ 8 ቦታ እስከ ቅርፊቱ ይገባል፤ የጥልቀቱ አማካይ እጥፍ ከዲያሜትሩ ይቀነሳል። ቅርፊቱ የበሰበሰ ከሆነ መርፌው ዘልቆ ስለሚገባ ይህ ዘዴ ያሳስታል። ሐረግ ከግንዱ ጋር የተጣበቀበት ዛፍ በካሊፐር (ግንዱን በሁለት ክንድ መካከል ይዞ በሚለካ መሣሪያ) ከሁለት አቅጣጫ ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል። የትኛው ዘዴ እንደተሠራበት በአንድ ፊደል ከቁጥሩ ጎን ይጻፋል፤ ያ ፊደል ከሌለ ልኬቱ እንዳልተሟላ ይቆጠራል።

ዛፍ መሰል ፈርኖችም ለብቻቸው ይመዘገባሉ። ግንዳቸው እንደ ሌላው ዛፍ ዓመት በዓመት አይወፍርም፣ ወደ ግርጌው የሥር ካባ ይለብሳል፤ እድገታቸው የሚታየው በቁመት ነው።

የቅጹ ወረቀት ውኃ የማይበላሽ፣ መጻፊያው እርሳስ ይሁን። የቀድሞው ልኬት ከመዝጋቢው ጋር ይገኛል፣ ቴፕ ያዡ ግን አያየውም፤ ካየው እጁ ወደዚያው ቁጥር ይሳባል። ዛፉ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከስቶ ከተገኘ መዝጋቢው «ድገመው» ይላል፣ ዛፉ ሳይታለፍ እዚያው ይለካል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ቡድኖች ያንኑ 30 ዛፍ ሳይተያዩ ለክተው ልዩነታቸውን ያወዳድራሉ። ግማሽ ቀን ይበቃዋል።

የቆየው መረጃ ግን ሙሉ በሙሉ አልዳነም። የተወሰኑ ዛፎች በአንድ ቀን ከሞስ በላይና በታች ተለክተው የማስተካከያ ቁጥር ወጣ። ሞስ በግንዱ ዙሪያ እኩል ስለማይወፍር፣ ከዛፍ ዛፍም ስለሚለያይ፣ ያ አማካይ ለፕሎቱ ድምር ይሠራል እንጂ ለአንድ ለብቻው ዛፍ እድገት አይሠራም። ስለዚህ ከሞስ በላይ የተለኩት ዛፎች በደኑ ጠቅላላ ስሌት ውስጥ ከነማስተካከያቸው ገቡ፣ ከእድገት ስሌቱ ግን ወጡ። እድገታቸው የሚቆጠረው ከሁለተኛው ቆጠራ ጀምሮ ነው።