ጃንዋሪ 7ን ለስኩል ቦርዱ እንዴት አስረዳን

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ነው። እዚህ ልጅ የምናሳድግ ሐበሾች ብዙ ነን። የካውንቲው ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኳቸው ደብዳቤዎች በአማርኛም ተተርጉመው ይደርሱናል። ጃንዋሪ 7 የሚውለው የእኛ ገና ግን የትምህርት ቀን ነው። የዊንተር ብሬኩ አልቆ ልጆቹ ከተመለሱ በኋላ ይመጣል። ሌሊቱን ቅዳሴ ቆመው ያደሩ ልጆች ጠዋት አውቶቡስ ይጠብቃሉ። አንድ ዓመት ደግሞ የልጄ የሒሳብ ፈተና ጃንዋሪ 7 ላይ ዋለ። ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነን ቀኑ እንዲታሰብልን ሥራ የጀመርነው ያኔ ነው።

መጀመሪያ ያጣራነው ካላንደሩን የሚያወጣው ማን እንደሆነ ነው። የስቴቱ ሕግ ቢያንስ 180 የትምህርት ቀንና 1,080 ሰዓት ይጠይቃል። ለሃይስኩል 1,170 ሰዓት ነው። የግድ ዝግ የሚሆኑ ቀኖችንም ይዘረዝራል። ታንክስጊቪንግና ማግስቱ፣ ከዲሴምበር 24 እስከ ጃንዋሪ 1፣ ከፈረንጅ ፋሲካ በፊት ካለው ዓርብ እስከ ሰኞ፣ ሌሎችም አሉበት። የቀረውን የየካውንቲው ስኩል ቦርድ፣ ማለትም ትምህርት ቤቶቹን የሚመራው ቦርድ፣ ይወስናል። የእኛ ጉዳይ ያለው እዚያ የቀረው ውስጥ ነው።

ይህ የቦርዱ ሥልጣን ራሱ ተነጥቆ የተመለሰ ነው። በ2016 ገዥው ላሪ ሆገን ትምህርት ከሌበር ደይ (የሴፕቴምበር የመጀመሪያው ሰኞ) በኋላ እንዲጀመር፣ እስከ ጁን 15 እንዲያልቅ ትእዛዝ አወጡ። ትእዛዙን ያስታወቁት ኦሽን ሲቲ ባሕር ዳርቻ ቆመው ነው። ቱሪዝሙ አንድ ሳምንት ተጨማሪ ሰመር ይፈልጋል፤ ሰመር የሚሠሩ ወጣቶችም ይጠቀማሉ። ማቀዝቀዣ የሌላቸው የባልቲሞር አካባቢ ክፍሎች በኦገስት ሙቀት ምን እንደሚመስሉ ላየ ሰው ክርክሩ ባዶ አልነበረም። ግን ከሁለቱም ጫፍ ሲታሰር መሐሉ ጠበበ። በረዶ የበላውን ቀን መተኪያ ጠፋ፤ ስፕሪንግ ብሬክ የሚቆረጥበት ካውንቲ በዛ። በ2019 ምክር ቤቱ ሥልጣኑን ለካውንቲዎቹ የሚመልስ ሕግ አወጣ። ገዥው ውድቅ ቢያደርጉትም በድጋሚ ድምፅ ጸደቀ። ገዥ ጋ መድረስ ለእኔ ቢጤ ወላጅ ከባድ ነው። ሮክቪል ያለው የካውንቲያችን ቦርድ ግን ከሥራ መልስ ይደረሳል። ለዚህ ነው ሥልጣኑ እዚያ መቆየቱን አጥብቄ የምደግፈው።

ቀጥሎ የገባን ነገር ከሁሉ በላይ ጠቀመን። የመንግሥት ትምህርት ቤት «በዓላችን ትልቅ ነውና ዝጉልን» ስላልነው አይዘጋም። ሃይማኖትን መሠረት አድርጎ መዝጋት አይችልም። የሚዘጋው ተማሪና መምህር በብዛት የሚቀሩበት ቀን ሲሆን ነው። የአይሁድ በዓላት ላይ ትምህርት የሚዘጋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ያስረዳችን አንዲት የሐረር ሙስሊም እናት ናት። ሙስሊሞቹ ለኢድ ዓመታት ደክመዋል። በ2014 ቦርዱ ኢድን በመጨመር ፋንታ የሁሉንም ሃይማኖት በዓላት ስም ከካላንደሩ ላይ አነሳ። እነሱ ግን አልተዉም። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2016 የዋለው ኢድ አል አድሐ ለተማሪ ዝግ ሆነ። «ባዶ ወንበር ነው የሚቆጥሩት» አለችን። «ወንበሩ ለምን ባዶ እንደሆነ ደግሞ እናንተ ንገሯቸው።»

የእኛ ወንበር ባዶ ነበር፤ ምክንያቱ ግን አይታወቅም። ብዙ ወላጅ ለገና ልጁን ሲያስቀር «ታሟል» ብሎ ነው የሚጽፈው። ክፋት የለበትም። ማብራራት ይሰለቻል፤ እንግሊዝኛውም ያስፈራል። «ፈረንጅ ገናማ ዲሴምበር 25 አለፈ» የሚል ጥያቄ እንዳይመጣ ይፈለጋል። መዝገቡ ላይ ግን አንድ ሺህ ልጅ ቢቀር ጉንፋን የገባ ነው የሚመስለው። በሜሪላንድ ደንብ የሃይማኖት በዓል ማክበር ሕጋዊ የመቅሪያ ምክንያት ነው። መደበቅ አያስፈልገንም ነበር።

ስለዚህ አጭር ደብዳቤ አዘጋጀን። ከላይ አማርኛ፣ ከታች እንግሊዝኛ፤ ስምና ክፍል ብቻ የሚሞላበት። «ልጄ ጃንዋሪ 7 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የገና በዓልን ስለሚያከብር ትምህርት ቤት አይመጣም። ያመለጠውን ሥራ እንዲሠራ እንዲፈቀድለት እጠይቃለሁ።» ይኸው ነው። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ጠበል ጻድቅ ሲታደል አብረን አደልነው። ካህኑም ከስብከቱ ቀጥለው «እውነቱን ጻፉ፤ አትፈሩ» ብለው አሳሰቡልን። የእሳቸው አንድ ቃል የእኛን የቫይበር መልእክት ሁሉ አስከነዳው።

ከዚያ ያልጠበቅነው ክርክር መጣ፤ ከራሳችን ወገን። እኛ ትምህርት ቤት ይዘጋ ልንል ነበር። አንዲት ሆቴል የምትሠራ እናት እጇን አወጣች። «እኔ ገናን ሥራ ነኝ። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ልጁን ማን ይይዝልኛል?» አዳራሹ ጸጥ አለ። ፓርኪንግ የሚሠሩ፣ ኡበር የሚነዱ፣ ነርሲንግ ሆም የሚያድሩ አባቶችና እናቶች ተራ በተራ ደገፏት። የተዘጋ ቀን ሁሉ ለአንዳንዱ ቤት የሞግዚት ወጪ ነው፤ ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ለሚበላ ልጅ ደግሞ የምግብ ጉዳይ ነው። ጥያቄያችን የተለወጠው በዚያ ውይይት ነው። ትልቅ ፈተና በዚያ ቀን አይሰጥ፤ የቀረ ልጅ ያለ ቅጣት ይካካስ፤ ተማሪ የማይመጣበት የመምህራን ሥልጠና ቀን ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ለማንኛውም የሚያስፈልግ ከሆነ 7ን አስቡት። በእኔ እምነት ከመጀመሪያው ሐሳብ ይህ ይሻላል፤ ማንንም አይጎዳምና።

እንቁጣጣሽን፣ መስቀልን፣ ጥምቀትን ለምን ተዋችሁ ያሉን ነበሩ። ሁሉን መጠየቅ ሁሉን ማጣት ይሆናል ብለን ነው። ገና ደግሞ ለካላንደር አውጪ የሚመች በዓል ነው። በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28፣ በሌላው ዓመት 29 ቢውልም በፈረንጁ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት ግን አንዴ 19፣ አንዴ 20 ይሆናል። ቦርዱ ካላንደር የሚያጸድቀው ከወራት በፊት ስለሆነ የሚቀጥሉትን ዓመታት ቀን በአንድ ገጽ ጽፈን ሰጠን፤ 2027 ሐሙስ፣ 2028 ዓርብ።

ቦርዱ ፊት ለመናገር አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የሚሰጠውም ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለ በዓሉ ታሪክ የጻፍኩትን ሰረዝኩት። የአንድ ልጅ ሌሊት ብቻ ተናገርኩ፦ ጾሙ ከኅዳር ጀምሮ፣ ከምሽት እስከ ንጋት ቅዳሴ፣ ከዚያ ሳይተኛ የሒሳብ ፈተና። ከዚያ ጥያቄያችንን አነበብኩ፤ ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ስለ ትምህርት መጀመሪያ ሰዓት ልትናገር የመጣች ወላጅ ወረቀታችንን ለትምህርት ቤቷ ወሰደችው።

ጃንዋሪ 7 እስካሁን ዝግ አይደለም። የልጄ ትምህርት ቤት ግን ቀኑን በመምህራኑ ካላንደር ላይ ጽፎታል፤ ፈተናም አይያዝበትም። ይህን ያገኘነው ከርእሰ መምህሯ ጋር ቁጭ ብለን በመነጋገር ነው። ቦርዱ ዘንድ መሄድ አስፈላጊ ነው፤ ቶሎ የሚፈታው ግን ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው። ቨርጂኒያ ያላችሁም ይህን ሞክሩ። እናንተ ጋ በ1986 የወጣውና ሰው በመዝናኛ ፓርኩ ስም «ኪንግስ ዶሚኒየን ሕግ» የሚለው ደንብ በ2019 ላልቷል። የየአካባቢው ቦርድ ከሌበር ደይ እስከ 14 ቀን ቀድሞ መጀመር ይችላል። ስለዚህ እናንተም የምታናግሩት ሰው ቅርብ ነው።

ቀጣዩ ሥራችን ፋሲካ ነው። ከፈረንጁ ጋር ሲገጥም፣ እንደ 2017 እና 2025፣ ስቅለትም የፋሲካ ማግስት ሰኞም ዝግ ስለሆነ ችግር የለም። በ2024 ግን ፋሲካ ሜይ 5 ዋለ፤ ኤፒ የሚባለው የሃይስኩል ተማሪዎች የኮሌጅ ደረጃ ፈተና ሜይ 6 ጀመረ። ኤፒ አገር አቀፍ ስለሆነ ካውንቲውም ስቴቱም ቀኑን አያነሱትም። ዘግይቶ የመፈተኛ ቀን ግን አለ፤ የትምህርት ቤቱን የኤፒ አስተባባሪ አስቀድሞ መጠየቅ ነው። በ2027 ፋሲካ ሜይ 2 ነው። ሃይስኩል ልጅ ያላችሁ ትምህርት እንደተከፈተ ጠይቁ፤ ሁዳዴ እስኪገባ አትጠብቁ።