ዶሮ ስንት ገባ?

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

«በሰላም» የምትለዋን ቃል ድሮ ከአፍ ልማድ ነበር የምላት። ከ2015 ገና ወዲህ ግን እንዲሁ አልፌያት አላውቅም። ለምን እንደሆነ ላጫውታችሁ።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ጎረቤት አሉን፣ እናታቸው መቀሌ ናቸው። ጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር ስልኩ ተቆረጠ። በኋላ ተመልሶ ሠራ፤ ሰኔ ላይ ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። ከዚያ እንቁጣጣሽ መጣ፣ ገና መጣ፣ ፋሲካ መጣ፣ ደግሞ እንቁጣጣሽ። በየበዓሉ ጠዋት ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ቡናው ተቆልቶ፣ እሳቸው ቁጥሩን ይደውሉና ስፒከር ላይ ያደርጉታል። ያቺ የተቀዳች ድምፅ ማግኘት እንደማይቻል ትናገራለች። እስክትጨርስ ይሰሟታል። ከዚያ ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ ደፍተው ቡናቸውን ይቀዳሉ። «እንኳን አደረሰዎት» ማለት ራሱ ይከብደን ነበር።

እዚያው ግቢ፣ ሁለት ቤት አለፍ ብሎ፣ ጦርነቱን ሸሽታ ከሰሜን ወሎ፣ ከቆቦ መጥታ እህቷ ጋ የተጠጋች እናት ነበረች። የበዓል ዋዜማ ርችት በተተኮሰ ቁጥር ትንሹ ልጇ አልጋ ሥር ይገባል። ጎትተን ልናወጣው ስንሞክር እግራችንን ይነክስ ነበር። ይቺ ሴት እና ጎረቤታችን አንድ ረከቦት ላይ ቡና ይጠጣሉ። ስለ ጦርነቱ ሲያወሩ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። ልጁ የሚወደውን ዳቦ ግን ጎረቤታችን ደብቀው ያስቀምጡለት ነበር።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 የሰላም ስምምነቱ ፕሪቶሪያ ላይ ተፈረመ። ታኅሣሥ 19፣ ገና ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው፣ አውሮፕላን መቀሌ አረፈ። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን ስልክ ጮኸ። ትግርኛዬ ብዙ ባይሆንም «ደሓን ዶ?» የምትለዋን ለይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ስም ብቻ ነበር፤ እሳቸው ስም ይጠራሉ፣ ከዚያ ወዲያ ዝምታ፣ ደግሞ ሌላ ስም። አንዳንዱ ስም ላይ ቁጭ አሉ።

የዚያ ዓመት ፋሲካ ላይ ነው የገባኝ። እናትየው ደውለው ስለ ዶሮና ስለ ሽንኩርት ዋጋ ሲያማርሩ፣ ልጅትም የአዲስ አበባውን እየነገሩ ሲሟገቱ፣ ግማሽ ሰዓት ሞላቸው። ስም የለ፣ ዝምታ የለ። ዶሮ ስንት ገባ፣ ቅቤው ከየት ተገዛ። ሰላም የምንላት ነገር ይቺው ናት አልኩ በልቤ።

ደግሞ ቶሎ የምትሰበር ናት። መስከረም 1 ቀን 2011 ትዝ ይላችኋል? ዛላምበሳ ላይ ከ20 ዓመት በኋላ የኤርትራ ድንበር ተከፍቶ ሰው ሲተቃቀፍ ያየን ሁሉ አልቅሰናል። በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሶ ተዘጋ። የፈረሙት መሪዎች ብቻ ሲሆኑ እንዲህ ነው። ተራው ሰው ሊጠብቃት የሚችልበት መንገድ ያለው ይመስለኛል፣ ቢያንስ ልጆቹ ፊት ሌላውን ሕዝብ በጅምላ ባለመስደብ።

ዛሬም ስንቱ ለበዓል ቤተሰቡ ጋ መግባት አልቻለም። ድሮ መናኸሪያ ላይ «መንገዱ እንዴት ነው?» ስንል ስለ ጭቃው ነበር የምንጠይቀው። አሁን አማራ ክልልም ኦሮሚያም ለመሄድ የተነሳ ሰው ሌላ ነገር ነው የሚጠይቀው። ለእናንተ፣ መንገድ ለተዘጋባችሁና ሐዘን ቤት ላላችሁ፣ ልቤ እናንተው ጋ ነው።

ስልካቸው የሚሠራላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ደውሉ። ሽንኩርት ተወደደ ብለው ሲያማርሩ አታቋርጧቸው። ይህን ስጽፍ ጎረቤታችን በራቸውን ከፍተው እያወሩ ነው፣ ድምፃቸው እዚህ ድረስ ይሰማል። ዶሮው ስንት እንደገባ እየተናገሩ ነው።

መልካም ገና!